አንተን የሚመስለውን ፈልግ

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ዓመት ካየሁት ወይም ከሰማሁት ነገር አንዱን መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለመጻፍ ነበር። ስለ ሐይቅ መጻፍ ቀላል ነው፤ ውሃውም ዳርቻውም ያማረ ነው፤ አንብቦ የሚያዝን ሰው የለም። ይሁን እንጂ ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር አሳቤ ወደ ሌላ ስፍራ እየሄደ አስቸገረኝ። ያም ስፍራ በአዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ ዳር የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ወደዚያ የሄድሁት ለሽርሽር ሳይሆን ተልኬ ስለ ሆነ፣ ነገሬን ከላኪዬ እጀምራለሁ።

ላኪዬ አያቴ ናቸው። እኔ ከእናቴና ከአባቴ ጋራ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ አያቴ ግን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ወላጆቻቸው ባወረሷቸው ቤት ይኖራሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም አያቴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው እኛ ዘንድ ሲያድሩ አይቼ አላውቅም። በዒድ ቀን እንኳ ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። የግቢያቸው በር ከዛገ ቈርቈሮ የተሠራ ነው። አጎቴ አዲስ የብረት በር ሊያሠሩላቸው ብዙ ጊዜ ቢለምኗቸውም እሺ አላሉም። ልጅ ሳለሁ ይህን ሁሉ የእርጅና ግትርነት አድርጌ እቈጥረው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በተቃረበ ጊዜ፣ እኛም እንደ ብዙው ሕዝብ የምንችለውን ያህል ቋጥረን ወደ ደብረ ብርሃን ለመሸሽ ተነሣን። አባቴ አያቴን ለማምጣት ደሴ ወጡና ብቻቸውን ተመለሱ። አያቴ የሰጧቸው መልስ «እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ፣ የሚመጣው ሰው ማንን ይጠይቃል?» የሚል ነበር። የሚመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አልተናገሩም። በኅዳር ወር መጨረሻ ከተሞቹ ተለቀው እስክንመለስ ድረስ፣ ከጎረቤት ጋራ በአንድ ጓዳ ተጠግተው ቈዩ። ስንመለስ የቈርቈሮው በር በጥይት ተበስቶ አገኘነው። አያቴ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈውት ነበር እንጂ በሩን አልለወጡትም።

ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት አጎቴ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሊወስዱኝ ፈቀዱ። እኔም ደስ ብሎኝ አያቴን ለመሰናበት ደሴ ወጣሁ። አያቴ የምሄድበትን አገር በሰሙ ጊዜ የቤቱን በር ዘጉት። በቀን በራቸውን ሲዘጉ ያን ዕለት ገና አየሁ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዲስ አበባ የሞቱትን ልጆች ፎቶግራፍ የሰቀሉበት ቤት አለ ይላሉ። ወንድም ጋሼን ፈልግልኝ» አሉኝ።

አያቴ ታላቅ ወንድም እንደ ነበራቸው ያወቅሁት በዚያች ቀን ነው። በ1970 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአንድ ሌሊት፣ ከዚያው ቤት ተወሰደ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አያቴ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱ «ወደ አዲስ አበባ ወስደውታል» ሲል፣ አንዱ «በዚያው ሳምንት አለቀ» ሲል፣ ሌላው «ሱዳን ገብቷል» ሲል፣ ዘመን አለፈ። ሬሳ አልተገኘም፤ ደብዳቤም አልመጣም።

«ምን ይመስል ነበር? ፎቶግራፍ አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የለንም» አሉ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ከተመለከቱኝ በኋላ «አንተን ይመስላል። አንተን የሚመስለውን ፈልግ» አሉኝ።

ከዚህ ላይ ታናናሾቼ ተማሪዎች እንዲረዱት ጥቂት ታሪክ መናገር ያስፈልገኛል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኃብ መደበቁ የሕዝቡን ቍጣ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ተማሪው፣ ወታደሩና ሠራተኛው ተነሡ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ደርግ የተባለው የወታደሮች ኮሚቴ ሥልጣኑን ያዘ። ለለውጡ የታገሉት ወጣቶች ግን ወዲያው ተከፋፈሉ። ኢሕአፓ ሥልጣኑ ሳይውል ሳያድር ለሕዝብ ይሰጥ ሲል፣ መኢሶን ደርግን እየደገፉ መሥራት ይሻላል አለ። ክርክሩ ከወረቀት ወደ ጥይት ተሻገረ። በ1969 ዓ.ም. የኢሕአፓ ታጣቂዎች የመንግሥት ሹማምንትንና ካድሬዎችን በከተማ ውስጥ ይገድሉ ጀመር፤ ደርግም ይህን «ነጭ ሽብር» ብሎ ሰየመና የእርሱን መልስ «ቀይ ሽብር» አለው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ስፍራ ላይ ቆመው፣ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከሕዝብ ፊት ሰባበሩ። ለየቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ታደለ፤ «ነጻ እርምጃ» የተባለው ፈቃድ ተሰጣቸው። ይህም ማለት ዳኛ ሳይኖር መግደል ማለት ነው። በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም አብዛኛዎቹ በእኛ ዕድሜ የሚገኙ ተማሪዎችና ከእኛ ብዙ የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። በቤታችን ውስጥ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነሣን። ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወጥተን፣ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስናልፍ ሰዉ ሁሉ ከብርዱ የተነሣ ጋቢውን ይከናነብ ነበር። እኔ ግን በመስኮቱ መስተዋት ላይ የሚታየውን የራሴን ፊት እመለከት ነበር። ሰው የራሱን መልክ ደኅና አድርጎ እንደማያውቅ ያን ጊዜ አስተዋልሁ። አፍንጫዬ እንዴት ያለ ነው? ቅንድቤስ? ሌላ ሰው ቢሆን በምን እለየዋለሁ?

በማግሥቱ አጎቴ በመጀመሪያ ወደ ስድስት ኪሎ ወሰዱኝና የየካቲት 12 ሐውልትን አሳዩኝ። ከዚያው ማዶ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን የከተማውን ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት ጨረሱት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር ሠላሳ ሺህ ብሎ አስታውቋል። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ሬሳዎችና የሚያለቅሱትን እናቶች እየዞርሁ ተመለከትሁ። ሐዘን ተሰማኝ፤ ከሐዘኑም ጋራ አንድ ዐይነት ኩራት ተሰማኝ። ገዳዩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጠላት ነው፤ ሟቹ የእኛ ሰው ነው፤ ማንን ማዘን፣ ማንን መጥላት እንደሚገባ ግልጽ ነው። አጎቴም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ታሪኩን ነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መስቀል አደባባይ በወረድን ጊዜ ግን አጎቴ ዝም አሉ። «ግባ፤ እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ» ብለው ከደጅ ቀሩ።

ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ከደጁ የሦስት ሴቶች ሐውልት ቆሟል። መርቀው የከፈቱት አራት ልጆቻቸውን በአንድ ቀን ያጡ እናት ናቸው። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ከአሮጌው መንግሥት ፍጻሜ ጀምሮ ያለው ታሪክ በፎቶግራፍ ይታያል፤ ከእነዚህም መካከል የእኛ የወሎ ረኃብ አለ። ከዚያ እየገቡ በሄዱ ቍጥር ነገሩ ይከብዳል። እስረኞች ተዘቅዝቀው ውስጥ እግራቸው የሚገረፍበት «ወፌ ላላ» የተባለው ሥቃይ ተገልጿል። ከጅምላ መቃብር ተቈፍረው የወጡ የራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስተዋት ውስጥ ተደርድረዋል። ከአጥንቶቹ ጋራ የተገኙ ልብሶችና ጫማዎች አሉ። ከራስ ቅሎቹ ይልቅ ዐይኔን የያዘው አንድ ጫማ ነው። ሶሉ ያለቀ፣ በክር የተጠገነ ጫማ ነበር። ባለቤቱ ጫማውን ያስጠገነው ገና ብዙ ሊሄድበት አስቦ ነው።

ከዚያም ፎቶግራፎቹ ወዳሉበት ግድግዳ ደረስሁ። የመጣሁት ለዚህ ስለ ሆነ፣ ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መጽሐፍ እንደሚነበብ አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ጠጕራቸውን አጐፍረዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ ነው፤ አንዳንዶቹ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሡት ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ እኔን የሚመስል አገኘሁና ልቤ ዘለለ። በሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት አገኘሁ። አራተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ማንን እንደምፈልግ ጠፋኝ። አንዱ በቅንድቡ እኔን ይመስላል፤ አንዱ በአፉ። አንዱ ከእኔ አጠገብ የሚቀመጠውን የክፍል ጓደኛዬን፣ አንዲቱ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣውን የክፍላችንን ልጅ ቍርጥ ነች። በዚያ ግድግዳ ላይ ክፍላችን ተሰቅሎ ያየሁ መሰለኝና እግሬ ተብረከረከ።

ይህን ያዩ አንድ ሽማግሌ አስጐብኚ ቀርበው «ማንን ነው የምትፈልገው፣ ልጄ?» አሉኝ። በዚያ ዘመን ታስረው ከነበሩት አንዱ ናቸው። «የአያቴን ወንድም። ከደሴ ነው የተወሰደው» አልሁ። ከኪሳቸው ወረቀትና እስክሪፕቶ አውጥተው «ስሙን ጻፍልኝ፤ እኔም እፈልግልሃለሁ» አሉኝ።

እስክሪፕቶውን ይዤ ቆምሁ። ስሙን አላውቀውም ነበር።

አያቴ «ወንድም ጋሼ» ሲሉ፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከዚህ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ደጅ ወጣሁና ከሐውልቱ አጠገብ ቆሜ ለአያቴ ስልክ ደወልሁ። «እማማ፣ ስሙ ማን ነው?» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በሹክሹክታ «በስልክ?» አሉ። «አዎን እማማ፣ ሊጽፉት ነው» ብላቸው ደግሞ «ሊጽፉት?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቋል፤ መንግሥቱም ወደ ዚምባብዌ ሸሽተዋል። በዚያው በሙዚየሙ በር ላይ ፖሊስ ቆሞ ጐብኚዎችን በትሕትና ያስገባል። አያቴ ግን የወንድማቸው ስም እንዳይጻፍ አሁንም ይፈራሉ። የሽብርን ትርጕም ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ያ ስልክ አስተማረኝ።

ባዶውን ወረቀት ይዤ ተመለስሁ። አስጐብኚው አልተቈጡም፤ «ብዙ ቤት እንዲህ ነው» ብቻ አሉ። ከመውጣቴ በፊት «እንዲህ ያደረጉት ሰዎች ምን ዐይነት ሰዎች ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ግድግዳውን በእጃቸው እያሳዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ከላይ ሆነው ያዘዙት አሉ፤ እነርሱ በፍርድ ቤት ታይተዋል። ሌሊት በር የሚያንኳኳው ግን የሰፈር ልጅ ነበር። ብዙዎቹ ካንተ አይበልጡም። የአንዳንዶቹ ፎቶግራፍ እዚህ ቢቀላቀል አትለየውም።»

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኔን የሚመስለውን ከሟቾች መካከል ስፈልግ ዋልሁ እንጂ፣ ከገዳዮቹም መካከል ሊኖር እንደሚችል አላሰብሁም ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ስለ ፍርዱ የታሪክ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የሚከተለውን አስረዱኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን ስምምነት በኅዳር 1941 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከዓለም አስቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት። ስምምነቱ የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የሚታወቁትን ወገኖች ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ግን፣ በአንቀጽ 281፣ በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት የሚጨፈጨፉትንም ጨመረ። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. የጀመረው የደርግ ባለሥልጣኖች ክስ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሲፈረድ፣ መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ተብለዋል። መንግሥቱ በአገር ስላልነበሩ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ተፈርዶባቸዋል።

መምህራችን ሲጨርሱ «ሕጉ ከብዙዎች በፊት ነበረን፤ ያጣነው ሕጉን የሚፈራ ሰው ነው» አሉ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ሕጉ ስለ መግደል ይናገራል፤ አያቴ የደረሰባቸው ነገር ግን ከመግደልም የሚያልፍ አንድ ነገር አለው። ይህንም የተረዳሁት ከአዲስ አበባ የተመለስሁ ዕለት በደሴ ነው።

ያን ዕለት አያቴ ከቈርቈሮው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «አላገኘሁትም፣ እማማ። ሁሉም እኔን ይመስላሉ» አልኋቸው። «አብሽር፣ ልጄ፣ አብሽር» ብለው አስገቡኝ፤ ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ሳለሁ እርሳቸው አጽናኑኝ። ቡና አፈሉ። ሁለተኛው ጀበና ሲፈላ ስሙን በጆሮዬ ነገሩኝ። ከዚያም፣ ግድብ እንደ ተከፈተለት ውሃ፣ የቀረውን ሁሉ ነገሩኝ።

ፎቶግራፍ ነበረ። ወንድም ጋሼ ከተወሰደ በሦስተኛው ቀን «ቤት ሊበረብሩ ነው» የሚል ወሬ ስለ ተሰማ፣ እናታቸው መጻሕፍቱንና ደብተሮቹን በሙሉ ወደ እሳት ከተቱ። ፎቶግራፉን ግን እጃቸው እምቢ አላቸው። ለትንሿ ልጃቸው ሰጡና «አንቺ ጣይው» አሏት። የጣሉት አያቴ ናቸው። «ወረቀቱ ከዳር ዳር ነው የሚቃጠለው። ፊቱ መጨረሻ ቀረ» አሉኝ።

ሌሊት በሩን ያንኳኳው የወንድም ጋሼ የክፍል ጓደኛ ነበር። በድምፁ አውቀውት ስለ ነበር ያለ ፍርሃት ከፈቱለት። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። እናታቸው ሊያለቅሱ ሲሉ «ለአናርኪስት አይለቀስም» ተባሉ። በዚያ ዘመን በየከተማው ልጁ የተገደለበት ሰው ማልቀስ ተከልክሏል፤ ለገደለው ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ።

በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ማኅበር እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ለወንድም ጋሼ ግን ቅሬ አልወጣም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ሰደቃ አልወጣም። ያ ሌሊት በር ያንኳኳው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ታሞ በሞተ ጊዜ፣ የሰፈሩ ቅሬ በወጉ ቀበረው። አያቴም እንጀራ ጋግረው ሄዱ።

«እንዴት ቻሉት?» አልኋቸው።

«ቅሬ ነው፤ አይቀርም» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ «እዚያ ብዙ አለቀስሁ። ሰዉ ለእርሱ መስሎት ተገረመ። እኔ ሁልጊዜ በሰው ለቅሶ ለወንድሜ ነው የማለቅሰው። ይኸው እስከ ዛሬ ስንት ለቅሶ ደረስሁ! የራሱን ግን አልደረስሁለትም።»

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ይህንኑ ነው። እነዚያ ሰዎች የወሰዱት ሕይወትን ብቻ አይደለም። ለቅሶንም ወስደዋል፤ ስምንም ወስደዋል። ሰው ከሞተ በኋላ ቀባሪ፣ አልቃሽና ስሙን የሚጠራ ይቀርለታል። ይህ ሁሉ ሲከለከል ሟቹ አልሞተም፣ አልኖረም፤ ቤተ ሰቡም ከበር ላይ ቆሞ ይቀራል። አያቴ በራቸውን ያልለወጡት፣ ከቤታቸው ውጭ ያላደሩት፣ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ያልሸሹት፣ ወንድማቸው የሚያውቀው አድራሻ ያ በር ብቻ ስለ ሆነ ነው። የመታሰቢያ ቤት ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ የተከለከለውን ለቅሶ የሚመልስ ቤት ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

ነገሩ በዚህ አልቀረም። አያቴ በሳምንቱ ወደ ቅሬው ሰብሳቢ ሄደው «የቈየ ለቅሶ አለብኝ» አሉ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ የማን ለቅሶ እንደ ሆነ አልጠየቁም። «እኛም ዕዳ አለብን» ብለው መለሱ። በቀጠሮው ቀን ማለዳ ለፋፊው በሰፈሩ እየዞረ የወንድም ጋሼን ስም ከነአባቱ ጠርቶ «ቅሬ ውጡ!» አለ። እኔ ከአያቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ስሙ በአደባባይ ሲጠራ በተሰማ ጊዜ አያቴ በሁለት እጃቸው ጆሮአቸውን ያዙ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ለቀቁት።

ድንኳኑ ከቈርቈሮው በር ፊት ለፊት ተተከለ። ሼኹ ዱአ አደረጉ። ከማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቆሎና እንጀራ ይዘው መጡ። በዚያ ዘመን ልጅ የጠፋባቸው ሌሎች እናቶችና እኅቶች ከሩቅ ሰፈር ሳይጠሩ መጡ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ሰው ስም እየጠሩ አለቀሱ። በሰው ለቅሶ ሲያለቅሱ የኖሩት አያቴ፣ በራሳቸው ለቅሶ ደግሞ ሌሎቹን አስለቀሱ። ከድንኳኑ መካከል ቆመው እንዲህ አሉ፦

ወንድም ጋሼ መጣህ ከሄድክበት አገር፣
በሩን ሳልለውጠው ስጠብቅህ ነበር።

ከአዲስ አበባ ባዶውን ያመጣሁት ወረቀት ላይ ስሙን ጻፍሁ። አያቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ አጣጥፈው ለአጎቴ ሰጡ፤ አጎቴም በሚቀጥለው ጉዞአቸው ለአስጐብኚው አደረሱ። በዚህ ጊዜ ከደጅ ሳይቀሩ ወደ ውስጥ መግባታቸውን ነግረውኛል። በዚህ መጽሔት ላይ ግን ስሙን አልጻፍሁም። አያቴን ባስፈቅዳቸው «በአፍ ተጠርቷል፤ ለሙዚየሙም ተጽፏል። ሌላው ቀስ እያለ» አሉኝ። ቃላቸውን አክብሬአለሁ።

እናንተ ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችሁ የተዘጋ በር፣ ያልተለወጠ ዕቃ፣ ወሬው ሲነሣ ዝም የሚባልበት ነገር ካለ፣ አያቶቻችንና ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ በትሕትና ጠይቁ። ስትጠይቁም ሁለቱን ጠይቁ፤ ማን ተወሰደ ብላችሁ ብቻ ሳይሆን፣ ማን አንኳኳ ብላችሁም ጠይቁ። ይህም ለመበቀል አይደለም፤ ያንኳኳውንም የቀበረው ያው ቅሬ ነው። ነገር ግን ነገ ለእኛም አንድ ሰው መሣሪያ አስይዞ የጓደኛችሁን በር አንኳኩ ያለን እንደ ሆነ፣ ያን ድምፅ ከአሁኑ ማወቅ ይገባናል።

አያቴ ባለፈው ዒድ ኮምቦልቻ መጡ። ምሳቸውን በሉ፤ ቡናቸውንም ጠጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላቸውን አምጥታ ሰጠቻቸው። አያቴም ነጠላውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩና «ዛሬስ ልደር» አሉ።